እየጾምሁ ለምን ደነደንሁ?

የመስኮት ልጅ
ነሐሴ 18

የክርስቶስ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ይህን ልጻፍ አልጻፍ እያልሁ ሦስት ቀን አመንትቻለሁ፤ ረዘም ስለሚልም አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ግቢ ጉባኤ፣ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ማኅበር፣ ነው ያሳደገኝ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከሠርክ ጉባኤ የቀረሁበት ቀን በጣት የሚቈጠር ነው። ሌሊት ዐሥር ሰዓት ላይ አራት ሆነን እንነሣና የተኙትን ላለመቀስቀስ በስልክ መብራት ውዳሴ ማርያም እናደርስ ነበር። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ነገር ግን የዚያን ጸሎት ጣዕም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከአራታችን አንዱን እንባ ሳይቀድመው የጨረስንበት ሌሊት ጥቂት ነው።

ከተመረቅሁ አራት ዓመት ሆነኝ። አሁን ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ጾሙን አልተውሁም፤ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ፍልሰታን፣ ረቡዕና ዓርብን እስከ ሰዓቱ እጾማለሁ። ዳዊቴንም የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ እደግማለሁ። ግን ምላሴ ይሮጣል እንጂ ልቤ አብሮት የለም። ጨርሼ መጽሐፉን ስዘጋ የተሰማኝ ነገር ቢኖር መጨረሴ ብቻ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ያስጻፈኝ በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት የሆነው ነው።

አንዲት እናት ልጃቸው ከውጭ አገር የላከችላቸውን የሐዋላ ገንዘብ ሊቀበሉ ወደ እኔ መስኮት መጡ። የምሥጢር ቍጥሩን በደብተር ቅዳጅ ላይ አስጽፈው ይዘዋል። መታወቂያቸው ላይ ያለው የአባታቸው ስምና ልጅቷ በላቲን ፊደል የጻፈችው በአንድ ፊደል ይለያያል። «ልጅዎ ታስተካክል» ብዬ መለስኋቸው። በማግሥቱ መጡ፤ አልተስተካከለም፤ መለስኋቸው። በሦስተኛው ቀን ሲመጡ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። እኔ ከሌሊት ጀምሮ ውኃ አልቀመስሁም፣ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል፣ ከሥራ ወጥቼ ቅዳሴ ለመድረስ ቸኩያለሁ። «እማማ፣ አማርኛ አይገባዎትም?» አልኋቸው። ጮክ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ቅዳጇን አጣጠፏት። በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሯት። ከዚያ «እሺ ልጄ፣ አትቈጣ፤ ጾመኛ ነህ መሰለኝ፣ ከንፈርህ ደርቋል» ብለውኝ ሄዱ።

ሕግ አልጣስሁም። ነገር ግን እንዲህ ያለው የአንድ ፊደል ልዩነት በኀላፊ ፊርማ ሊያልፍ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ብጠይቅ የሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። በሦስቱም ቀን አልጠየቅሁም። በዚያ ቀን ልቈርብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሳልቈርብ ከቅዳሴው ወጣሁ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ያ ሁሉ ጾምና ጸሎት ምን አደረገኝ? ሰው በመንፈሳዊ ሕይወቱ ማደጉ በምን ይታወቃል? የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ በግቢ ሳለሁ ከዛሬው የተሻልሁ ነበርሁ።


ጽኑዕ
ነሐሴ 18

ወንድሜ፣ መጸጸትህ ራሱ ጸጋ ነው፤ ተስፋ አትቍረጥ። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ያጣኸው ሥርዓቱን ነው። በግቢ ሳለህ ሌሊት ዐሥር ሰዓት ትነሣ ነበር፤ አሁን መቼ እንደምትነሣ አልነገርኸንም። ስግደት አለህን? ሰባቱን የጸሎት ሰዓታት ባይሆን እንኳ የጠዋቱን ነግህና የማታውን ሠርክ ትጠብቃለህን? ሥጋ ሲላላ ነፍስ ትከብዳለች። የዓመት ዕረፍትህን ወስደህ አንድ ሱባኤ ደብረ ሊባኖስ ግባ። ስልክህን ዘግተህ፣ ጥሬና ውኃ ይዘህ። እኔ እንዲህ ባለው ጊዜ ያዳነኝ ይህ ነው፤ ከልቤ ነው የምልህ።


ቁም ንባብ
ነሐሴ 19

ልጄ፣ እኔ በአብነት ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ዛሬም በአንድ ደብር ሕፃናትን ፊደል አስቈጥራለሁ። የጻፍኸውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሴትዮዋ «ከንፈርህ ደርቋል» ያሉህ ላይ ስደርስ ግን መነጽሬን አወለቅሁ። እርሳቸው ያንተን መራብ አዩ። አንተ የእርሳቸውን መመላለስ አላየህም። ጥያቄህን ራስህ መልሰኸዋል፤ ሆኖም መንገዱን ላሳይህ።

አባቶቻችን ሰው በመንፈስ የሚያድግበትን መንገድ በትርጓሜያቸው አስፍተው አስተምረውናል። በመጻሕፍተ መነኮሳት፣ ይልቁንም በማር ይስሐቅ ትምህርት፣ ጉዞው በሦስት ይከፈላል፤ ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስ፣ ንጽሐ ልቡና፤ የሥጋ፣ የነፍስና የልብ ንጽሕና ማለት ነው። በእነዚህም ውስጥ ዐሥር ማዕረጋት ይቈጠራሉ። በንጽሐ ሥጋ ያሉት ሦስቱ ጽማዌ፣ ልባዌና ጣዕመ ዝማሬ ናቸው። በንጽሐ ነፍስ አንብዕ (እንባ)፣ ኵነኔ (ሥጋን ለነፍስ ማስገዛት)፣ ፍቅርና ሑሰት ይመጣሉ። የቀሩት ሦስቱ የፍጹማን ናቸውና ስለ እነርሱ መናገር ለእኔ አይገባኝም።

ተራውን ልብ በል። መጀመሪያ ጽማዌ ነው። ጽማዌ ዝምታ ነው፤ አንደበትን መሰብሰብ፣ መርጋት። ቀጥሎ ልባዌ፤ ማስተዋል፣ በፊትህ ያለውን ነገርና ሰው ልብ ማለት። የጸሎት ጣዕም የሚመጣው ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ ነው። እንባውማ አራተኛ ነው።

አንተ አሁን የናፈቅኸው ጣዕሙንና እንባውን ነው። በግቢ ያገኘኸው ሐሰት አልነበረም፤ እግዚአብሔር ለጀማሪ አስቀድሞ ያቀምሳል፤ መንገዱን እንዲወድደው። ነገር ግን ቀምሰኸው ነበር እንጂ ደርሰህበት አልነበረም። ያን ጊዜ አንደበትህን የፈተነው ማን ነው? አራታችሁም ጾመኞች፣ አራታችሁም ወጣቶች፣ አራታችሁም አንድ ልብ ነበራችሁ። ከመስኮትህ ፊት የቆመ የደከመ ሰው አልነበረም። አሁን የመጀመሪያው ማዕረግ ትምህርት በየቀኑ ከሁለት ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት በመስኮትህ በኩል ይመጣልሃል። አንተ ግን ትምህርቱ ቤትህ ስትገባ የሚጀመር መስሎህ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ዘንድ ሕፃን ፊደል ከለየ በኋላ ማንበብ የሚለማመደው በመልእክተ ዮሐንስ ነው። በስንደዶ ፊደሉን እየነካ፣ መጀመሪያ እየቈጠረ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ ከዚያ በቁም ንባብ ይወጣዋል። ውርዱን ሳያደላድል ወደ ቁሙ የዘለለ ልጅ የድምፁን መጣያና ማንሻ እየሳተ ዕድሜውን ሙሉ ይሰናከላል፤ ስንቱን አይቻለሁ። ታዲያ ያ ሕፃን አፉን የሚፈታበት መልእክት የሚናገረው ምንድን ነው? «ያየውን ወንድሙን የማይወድ ያላየውን እግዚአብሔርን ሊወድ እንዴት ይችላል?» ነው። እኔ ራሴ ለሃምሳ ዓመት ስለ ዜማና ስለ ንባብ ስጨነቅ ኖሬ፣ አባቶች ይህን መልእክት ለሕፃን የመጀመሪያ ንባብ ማድረጋቸው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ የገባኝ በቅርቡ ነው።

ወንድማችን ጽኑዕ ያለህንም አትናቅ። ሱባኤ መልካም ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት የሚሠራ ሥራ አለህ፤ እርሱንም ታውቀዋለህ።


የሪያዷ
ነሐሴ 19

ሰላም ወንድሜ። እኔ ያን የላቲን ፊደል ከሚጽፉት አንዷ ነኝ።

ተቈጥቼ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ መልስ ስጽፍና ስሰርዝ አደርኩ። አሁን ጠዋት ነው፤ የምሠራበት ቤተሰብ አልተነሣም። ቍጣዬ በርዷል፤ ግን ልንገርህ። በወር አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት እወጣለሁ። ወደ ሐዋላው ቤት በሩጫ ነው የምሄደው። ስም የሚጽፈው ልጅ አማርኛ አይችልም፣ እኔ እንግሊዝኛ አልችልም፤ የእናቴን ስም እኔ እጠራለሁ፣ እርሱ እንደ ሰማው ይጽፋል። አንድ ፊደል ስትስት እስከሚቀጥለው መውጫዬ ድረስ ማስተካከል አልችልም። እናቴ ከገጠር ወደ ከተማው ሁለት ሰዓት በእግር ትሄዳለች። ሲመልሷት ስትደውልልኝ አታለቅስም። «ልጁ ሥራው ነው፣ ምን ያድርግ» ትለኛለች።

ስለዚህ እንዲያው በስሜት አላልፍህም፤ ያቺ እናት የእኔ እናት ናት።

ስለ መንፈሳዊ እድገት ደግሞ መናገር የምችል ሰው አይደለሁም። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለም። ቅዳሴ ከሰማሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ በስልክ ካልሆነ። የምተኛው ከወጥ ቤቱ ጎን፣ የሩዝ ከረጢት በሚቀመጥበት ክፍል ነው። ውዳሴ ማርያምን በብርድ ልብስ ውስጥ አደርሳለሁ፤ እሑድ የእሑዱን፣ ሰኞ የሰኞውን። ብዙ ጊዜ ሳልጨርሰው ደወል ይደወላል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እነሣለሁ። ስመለስ ያቆምሁበትን አላውቀውም። አንዳንድ ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድም ቀን አልጨረስሁትም።

ረቡዕና ዓርብ ሥጋ እሠራለሁ። ማዳም «ጨው ቅመሺ» ትለኛለች። የመጀመሪያውን ዓመት በዚህ ጉዳይ በየቀኑ አለቅስ ነበር። ከአገሬ ከመውጣቴ በፊት የንስሐ አባቴ ራሴን በመስቀል ዳብሰው ያሉኝ ነገር ነው ያቆመኝ። «ልጄ፣ ጾሙ ሙሉ በሙሉ የማይያዝበት ቀን ይመጣብሻል፤ ያን ቀን ይጹም ዐይን፣ ይጹም ልሳን የሚለውን ያዢ» ብለውኛል። እኔም ያን ቀን ማዳም ስትሰድበኝ አልመልስም። በልቤም አልመልስም፤ ይህ ነው የከበደኝ። በአፍ ዝም ማለት በሦስት ወር ተማርሁት። በልብ ዝም ማለት አምስት ዓመት ሆነኝ፤ ገና ነኝ።

መምህር ጽማዌ ያሉት ይህ ይሆን? መጽሐፉን አላነበብሁም።


ቁም ንባብ
ነሐሴ 19

እርሱ ነው፣ ልጄ። እርሱ ነው። ለእኔም ጸልዪልኝ።


ጥሞና
ነሐሴ 20

ሰላም ቅዱሳን። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ ውይይቱን በዝምታ ስከታተል ቈይቼ ነው። ከፈቀዳችሁልኝ አንድ ነገር ላካፍል።

አባቴ በደርግ ዘመን ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋባቸው ሰዎች አንዱ ነው። በየቤቱ አምስት ስድስት ሆነው ይገናኙ ነበር፤ መጋረጃ ዘግተው፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ እየዘመሩ። መጽሐፍ ቅዱሱ አንድ ስለነበር ምዕራፎቹን በእጅ ጽሑፍ እየገለበጡ ይከፋፈሉት ነበር፤ አባቴ የገለበጠው የፊልጵስዩስ መልእክት ሰማያዊ ቀለሙ ደብዝዞ እስካሁን ቤታችን አለ። ያ ትውልድ ጠንካራ ነበር እንላለን። ያጠነከራቸው ስደቱ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። አባቴ ግን አይቀበለውም። እርሱ የሚለው ሌላ ነው። ከመጸለያቸው በፊት በየሳምንቱ አንዱ አንዱን «ከባለፈው ወዲህ ማንን አሳዘንህ?» ብሎ ይጠይቀው ነበር። መልሱን ሳይሰሙ ወደ ጸሎት አይገቡም። ነጻነት ሲመጣ፣ አዳራሽ ሲሠራ፣ ሺህ ሰው ሲሰበሰብ ያ ጥያቄ ጠፋ። አባቴ እስከ ዛሬ የሚቈጨው ይህ ነው፤ በእኛም ዘንድ ዛሬ የሚለካው የአምልኮው ሙቀት ሆኗል።

ወንድሜ የመስኮት ልጅ፣ ሌላም የታዘብሁት አለ። የጻፍኸው ሁሉ ቍጥር ነው። 55 ቀን፣ አምስት ዓመት፣ የሰኞው፣ የማክሰኞው። ጌታ በማርቆስ 4 ላይ ስለ ዘሪው ሲናገር ሰውየው ሌሊትና ቀን ይተኛል ይነሣል፣ እንዴት እንደሚያድግ ግን አያውቅም ይላል። ምድሪቱ በመጀመሪያ ቡቃያ፣ ኋላም ዛላ ታወጣለች። ገበሬ ቡቃያውን በየጠዋቱ እየነቀለ ሥሩን አይመረምርም። እድገት የጸጋ ሥራ ነው፤ በምንቈጥረው ሥርዓት ብዛት የሚመጣ አይደለም።


ጽኑዕ
ነሐሴ 20

ወንድም ጥሞና፣ የአባትህ ታሪክ ልብ ይነካል፤ እግዚአብሔር ያክብራቸው። በመጨረሻው ግን አልስማማም። ጾምና ስግደት ጸጋው የሚያድርባቸው ናቸው እንጂ የጸጋ ተቃራኒ አይደሉም። ጌታ ራሱ 40 ቀን ጾሟል። ያ ገበሬ ይተኛል ይነሣል ሲባል ሳያርስና ሳይዘራ ተኛ ማለት አይደለም። አረሙንስ ማን ያርመው? ሰው «ጸጋ ነው» እያለ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥም አይተናል። ቤተ ክርስቲያን የሠራችውን ሥርዓት እንደ ሸክም አታስቈጥሩብን።


ጥሞና
ነሐሴ 20

ሸክም ነው ማለቴ አልነበረም፤ እንዲያ ከተሰማህ ይቅርታ አድርግልኝ። አረሙን በሚመለከት ትክክል ነህ። እኛም ጋ ሳይታረም የቀረ ማሳ ሞልቷል።


ቁም ንባብ
ነሐሴ 20

ሁለታችሁም ተመስገኑ። የጥሞና አባት የሚቈጩለት ጥያቄ እኛ ዘንድም አለ፤ ስሙ ኑዛዜ ነው። የንስሐ አባት መጠየቅ የሚገባው ይህንኑ ነው፤ ማንን አሳዘንህ፣ ማንን በደልህ፣ የማንን ወሰድህ። ብዙዎቻችን ግን ኑዛዜን «በጾም ቅባት ያለው በላሁ» እስከሚለው ብቻ አድርሰን አቆምነው። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ልጆቼን እንዲሁ አስለምጄአቸዋለሁና።


የመስኮት ልጅ
ነሐሴ 21

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ የሪያዷ፣ ያንቺን አንብቤ ለረጅም ሰዓት መጻፍ አልቻልሁም። ይቅርታ ብልሽ ለእናትሽ እንደሚደርስ አላውቅም፤ ግን ይቅርታ አድርጊልኝ።

መምህር፣ የሚሉኝ ገብቶኛል። አንድ የሚያስቸግረኝ ነገር አለ። የንስሐ አባት አለኝ፤ ደግ ሰው ናቸው። የንስሐ ልጆቻቸው ግን በመቶ የሚቈጠሩ ናቸው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በዐቢይ ጾም መግቢያና ለቤት ጠበል ሲመጡ እንገናኛለን። ሌላ ቤት ስለሚጠብቃቸው ቆመው ነው የሚናዝዙኝ። ሰባት መዝሙረ ዳዊት ድገም፣ 41 ስገድ ይሉኛል፤ አደርገዋለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ለእርሳቸው እንዴት ልንገራቸው? ሌላ አባት ልፈልግን?


የመንታዎች እናት
ነሐሴ 21

ወንድሜ፣ አትቀይር። ሂድባቸው። እኔም እንዳንተ ነበርሁ።

መንታ ከወለድሁ በኋላ ለዓመት ተኩል ጸሎት የሚባል አልነበረኝም። ወንድሞችና እህቶች ሰንበት ትምህርት ቤት ሲያገለግሉ እያየሁ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዱን አዝዬ አንዱን አቅፌ እቆማለሁ፤ አንዱ ሲያለቅስ ወደ ውጭ እወጣለሁ፣ ወንጌሉ ያልፈኛል። ወደ ኋላ እየሄድሁ ነው ብዬ አምኜ ነበር። አንድ ቀን የንስሐ አባቴ ጸሎተ ቅዳሴ ጨርሰው ጫማቸውን ሲያደርጉ ደርሼ «አባ፣ እኔ ጠፍቻለሁ» አልኋቸው። ቆመው የሚናዝዙት ሰው ቁጭ አሉ። በድንጋዩ ላይ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ አሉ። ማንም እንዲያ ብሎ ጠይቋቸው አያውቅም ነበር መሰለኝ፤ ሁላችንም በር ላይ ቆመን «ይፍቱኝ» ብቻ ነው የምንላቸው።

የሰጡኝ ቀኖና ይህ ነበር፤ አንድ መዝሙር። የዕለቱን ሠላሳ ሳይሆን አንድ። ጡት ሳጠባ በቃሌ እንድለው፤ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን። ሁለተኛው ደግሞ ለባለቤቴ በቀን አንድ ጊዜ ሳልነጫነጭ እንድመልስለት ነው። ሁለተኛው ስንት ጊዜ እንዳስለቀሰኝ ልነግርህ አልችልም። ከሠላሳው መዝሙር በላይ ነው የከበደኝ።

ልጆቹ አሁን አራት ዓመታቸው ነው። ዳዊቱን ወደ ሙሉው መልሼዋለሁ፤ በአባቴ ፈቃድ። ያችን አንዷን መዝሙር ግን አሁንም ለብቻዋ እላታለሁ።


ሰኔ 24
ነሐሴ 22

የስሜ ምክንያት የአባ ሙሴ ጸሊም መታሰቢያ በመሆኑ ነው። የሽፍታ አለቃ ሆኖ ሲዘርፍና ሲገድል ኖሮ በግብፅ በረሃ በአስቄጥስ የመነኰሰው አባት።

ስለ እርሱ ስናወራ ከሽፍትነት ወደ ቅድስና በአንድ ሌሊት የተሻገረ እናስመስለዋለን። አልተሻገረም። ከመነኰሰ በኋላ አሳቡ ለዓመታት ተዋግቶታል። ጾመ፣ ሌሊቱን ቆሞ አደረ፣ ደጋግሞ ተሸነፈ። ወደ መምህሩ ወደ አባ ኤስድሮስ እየሄደ በበኣቴ፣ በብቸኝነት ማደሪያዬ፣ መቀመጥ አልቻልሁም ይለው ነበር። አንድ ጊዜ ኤስድሮስ ወደ ሰገነቱ አወጣውና ወደ ምዕራብ ተመልከት አለው፤ ሊወጉ የተዘጋጁ አጋንንትን አየ። ወደ ምሥራቅ ተመልከት አለው፤ የማይቈጠሩ መላእክትን አየ። ከእኛ ጋር ያሉት ይበዛሉ ብሎ ወደ በኣቱ መለሰው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ከዚያ ሁሉ ትግል በኋላ ሙሴ አዲስ ሥራ ጀመረ። ሌሊት ወደ ሽማግሌዎቹ መነኰሳት በኣት እየሄደ፣ ውኃ ለመቅዳት ጉልበት የሌላቸውን እንስራቸውን አንሥቶ፣ ከሩቅ ቀድቶ ሞልቶ በቦታው ያስቀምጥላቸው ነበር። ጠዋት ሲነሡ እንስራው ሞልቷል። የጥንቱ ጸሐፊ ሲተርክ ከጾሙ ቀጥሎ ይህን ያነሣል።

ያው ሙሴ በኋላ ዘመን፣ አንድ ወንድም በድሎ ሊፈርዱበት መነኰሳቱ ተሰብስበው ሲጠሩት ምን አደረገ? ቀዳዳ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። «ይህ ምንድን ነው?» ሲሉት ኀጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔ አላየውም፤ ዛሬ ግን በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ይቅር ብለው ወንድሙን ለቀቁት።

የመስኮት ልጅ፣ አንተ ቅርጫቱን ከኋላህ ዞረህ አይተኸዋል። እንስራውን ደግሞ በሰልፍ ታገኘዋለህ።


ጽኑዕ
ነሐሴ 22

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የእንስራውን ግን አላውቀውም ነበር። ከጾሙ ቀጥሎ መነሣቱ ደስ አሰኝቶኛል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የጻፍሁልህን መልሼ አነበብሁት። ስለ ሴትዮዋ አንድም ቃል አልተናገርሁም። ያን ስላላየሁ ይቅርታ። ስለ ሱባኤው ያልሁት ግን እውነት ነው፤ በጊዜው ሂድ።


የመስኮት ልጅ
መስከረም 9

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገራችሁ። የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው የተመለስሁት።

የንስሐ አባቴን በቤታቸው ሄድሁባቸው። የመንታዎች እናት እንዳልሽው ቁጭ አሉ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ዳዊቱን አላስጨመሩኝም፤ እንዲያውም ለጊዜው ወደ ዐሥር መዝሙር አወረዱልኝ፣ «ቀስ ብለህ፣ ድምፅህን እየሰማህ» አሉኝ። ከዚያ ሴትዮዋን እንድፈልግ አዘዙኝ። የባንኩን መዝገብ ከፍቼ ስልካቸውን ማውጣት ግን እንደማይገባኝ ራሳቸው ነገሩኝ። «ይመጣሉ፤ አንተ ብቻ ቦታህ ላይ ተገኝ» አሉ።

ባለፈው ማክሰኞ መጡ። ሰልፉ ውስጥ ሳያቸው እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ስቈጥር የነበረውን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ተሳሳትሁ። ተራቸው ሲደርስ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ያቺኑ ቅዳጅ ከመቀነታቸው ፈቱ፤ ሌላ ቍጥር ነው፣ የዚህ ወር ነው። የፊደሉ ልዩነት አሁንም እንዳለ ነው። ወደ ኀላፊዬ ወስጄ አስረዳሁ፤ መታወቂያቸውን አይቶ ፈረመ።

ተመልሼ «እማማ፣ በፍልሰታ ጮኼብዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። ድምፄ የወጣልኝ አይመስለኝም። ዝም ብለው ትንሽ አዩኝ። «አንተ ነህ እንዴ?» አሉኝ። አላወቁኝም ነበር። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን ልጄ፣ እስቲ ቍጠርልኝ፣ ዐይኔ አያይም» አሉ። በመስኮቱ በኩል አንድ በአንድ እየጠራሁ ቈጠርሁላቸው። ግማሹ ላይ ሲደርስ «ቆይ» ብለው አስቆሙኝ፤ ያን ለቤት ኪራይ ነው ብለው ለብቻው ቋጠሩት፤ ከዚያ ቀጥል አሉኝ።


የሪያዷ
መስከረም 9

ወንድሜ፣ ዛሬ ለእናቴ ደውዬ አነበብሁላት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሴትዮዋ የመጡበትን ቀበሌ ነው።


ቁም ንባብ
መስከረም 10

ልጄ፣ አሁን ትቈርባለህን?


የመስኮት ልጅ
መስከረም 10

አባቴ ለመስቀል ተዘጋጅ ብለውኛል፣ መምህር።